ሻይ ቤት የሚችሉት ሂሳብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ሪሜዲያል፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሳብኝ ወሬ አንድ ነው። ለፋሲካ የእህቴ ባል «የወደቀን ልጅ ወራት ሙሉ በመንግሥት ዳቦ መቀለብ ምን ይሉታል?» አለኝ። ዶሮ ወጡ ፊቴ ስለነበር ዝም አልኩት። ጋዜጣችሁን ስለሚያነብ እዚሁ ልመልስለት።

መነሻውን እናስታውሳለን። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። የ2017ቱ 8.4 በመቶ ሆኗል። ጥሩ ነው። የቀሩት ከ90 በላይስ? ከእነሱ መሀል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ናቸው እኔ ክፍል የሚመጡት። ሰነፎች አይደሉም። የኳድራቲክ ፎርሙላን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ግማሽና ሲሶ ደምሩ ስትሏቸው ግን ሁለት አምስተኛ ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደምረው።

ዘንድሮ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሰሌዳ ላይ 200 − (80 − ኤክስ) ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ውስጥ 70 ልጅ አለ። ብዙዎቹ «120 ሲቀነስ ኤክስ» አሉኝ። ማይነስ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ምልክት ይቀይራል የሚለውን ደንብ ነገርኳቸው። ጻፉት። በሳምንቱ ኩዊዝ ላይ ያው 120 ሲቀነስ ኤክስ።

ከእነሱ 12ቱን ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል አግኝቼ ሰበሰብኳቸው። «200 ብር ይዘሽ ሻይ ቤት ገባሽ» አልኳት አንዷን። «በያይነቱ 80 ብር ነው። ባለቤቷ ስለምታውቅሽ 10 ብር ማረችሽ። ኪስሽ ስንት ቀረ?»

«130» አለች፣ ሳታስብ።

«እንዴት?»

«80 ብከፍል 120 ይተርፈኝ ነበር። 10ሯን ደግሞ ማረችኝ።»

«ያቺን 10 ኤክስ በያት» አልኳት። ጠመኔውን ተቀብላኝ 120 ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች። መደመር አደረገችና ዞር ብላ አየችኝ። ከኋላ አንዱ «እንዴ! ይሄ ነው እንዴ?» አለ። የደቡብ ልጅ ነው፤ ለጓደኛው በሲዳምኛ ደግሞ አስረዳው። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ እቀላቅላለሁ፣ እነሱ እርስ በርስ በየቋንቋቸው ይጨርሱታል። ይህ ሁሉ 40 ደቂቃ ፈጀ። ለአንድ ማይነስ!

ለአማቼ የምለው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሂሳቡን ያውቁታል፤ ከወረቀቱ ጋር ነው ያልተዋወቁት። ለማስተዋወቅ ደግሞ 12 ልጅና 40 ደቂቃ ያስፈልጋል። 70 ልጅ ፊት ቆሜ፣ ፈተናው ከማዕከል ስለሚመጣ ሞጁሉን ለመጨረስ እየሮጥኩ፣ አይሆንም። የምሠራበት ቦታ ፕሮግራሙ ላይ ቱቶሪያል (በትንሽ ቡድን ማስጠኛ) የሚል ሰዓት አለ። መጀመሪያ ክፍል ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ ሰዓቱ «ለማካካሻ» ተወሰደ። አሁን የቀረው ወረቀቱ ላይ ያለው ስሙ ነው።

ያለፉትም ፍሬሽማን (1ኛ ዓመት) ሲገቡ የሂሳብ ኮርሱ ከፕሮፖዚሽናል ሎጂክና ከስብስብ ቲዎሪ ይጀምራል። ወደ ክፍልፋይ የሚመልሳቸው የለም። እኛ መምህራንም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። «ይሄንማ 5ኛ ክፍል ተምራችኋል» ብለን የምናልፍ ብዙ ነን። እኔም እል ነበር። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን እጁን ያወጣል?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የቱቶሪያል ሰዓት አይነካ። ቡድኑ ከ15 ልጅ አይብለጥ። መምህር አይበቃም ከተባለ የ3ኛ ዓመት የሂሳብ ተማሪዎች አሉ፤ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ያስጠኑ። ገና በቅርቡ እዚያው ያለፉ ስለሆኑ ከኔ ይልቅ የሚያደናቅፈው የት እንደሆነ ያውቁታል።

ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ልጅ ሰኞ ቢሮዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ክፍልፋይም እንዲህ በብር ይሆናል?» ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ቀጥሬያታለሁ። ጓደኞቿንም ይዤ ልምጣ ብላለች። ክፍል እየፈለግኩ ነው።

አንዲት የሂሳብ መምህርት