ልጅቷን እሁድ እመልሳታለሁ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷ ነው እንጂ ሌላው አካሏ ደህና ነው። ልጅህም ደህና ናት። ይህን ስጽፍ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ ለጎረቤት ጫጩቶች ስም ታወጣለች። አንዱን «ፋሲል» ብላዋለች፤ ሴት ይሁን ወንድ አላጣራችም።

ትናንት ማታ በስልክ «አባዬ፣ የፍቺው ቀጠሮ እስኪያልፍ ልጅቷ እናንተ ጋ ትቆይ» ያልከኝን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ደውዬ ብመልስልህ እንጨቃጨቃለን፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። አላቆያትም። እሁድ ራሴ ይዣት መጥቼ ለእናቷ አስረክባታለሁ።

አትቆጣ። መጀመሪያ ጨርሰህ አንብበው።

በቴሌግራም የላክልኝን የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ ፎቶ መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 27 ዓመት ስሠራ ስንቱን እንዲህ ያለ ወረቀት ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ መሰለህ። አንተ «ተፈረደብኝ» አልከኝ። አልተፈረደብህም። መጨረሻው ላይ «ተለዋጭ ትዕዛዝ እስኪሰጥ ድረስ» ይላል። ይህችን ሐረግ ባለጉዳይ ሁሉ ዘሏት ያልፋል፤ ነገሩ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

እኛ ያለንበት አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ያንተ ጉዳይ አዲስ አበባ ስለሆነ የሚሠራበት የፌዴራሉ 213/1992 ነው። አንቀጽ 82ን ፈልገህ አንብበው። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ተገቢውን ትዕዛዝ ይሰጣል ይላል። ወዲያውኑ! ክርክሩ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ልጅ ግን ዛሬ ማታ እራት ትበላለች፤ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዳኛዋ እስካሁን ያየችው ይህንኑ ነው። ማን ማንን በደለ የሚለውን ገና አልነካችውም።

ቤቱን ለቀህ ውጣ መባልህ እንዳንገበገበህ አውቃለሁ። ሕጉ እዚያ ላይም ዝም አላለም። ከሁለቱ አንዱ ይውጣ ሲባል የልጆቹ ጥቅም ይታያል፤ በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነም ይታያል። አንተ ወንድምህ ቤት ሶፋ አለህ። ሚስትህ አዲስ አበባ ውስጥ ማን አላት? ቤቱ የእሷ ሆነ ማለት ደግሞ አይደለም። የንብረት ክፍፍሉ ገና ወደፊት የሚታይ ጉዳይ ነው።

ችሎቱ ልጅቷ ጥምቀትን ከአያቶቿ ጋር ታክብር ብሎ ሰባት ቀን ሰጠህ። እናቷም አልተቃወመችም፤ ይህን አትርሳ። እኔ ስምንተኛውን ቀን ከጨመርኩ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። እሷ በማግስቱ አቤቱታ ታስገባለች። ገና ምንም ያልፈረደችብህ ዳኛም ትዕዛዝ የማያከብር ሰው ብላ ታውቅሃለች። በመጨረሻ ልጁ ከማን ጋር ይኑር ሲባል የሚመዘነው የሁለታችሁ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁም ዕድሜና ጥቅም ነው። ከሚዛኑ ላይ በገዛ እጅህ ድንጋይ ትጭናለህ።

አሁን ደግሞ ነግሬህ የማላውቀውን ልንገርህ።

በ1986 ዓ.ም. አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር። እኔና እናትህ ተጣልተን ስምንት ወር ተለያየን። ትንሽ ትዝ ይልህ ይሆናል። ያኔ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ የባልና ሚስት ጠብ የሚሄደውም ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ቤቱና ስለ ሁለት በሬ ሲከራከሩ ከረሙ። ልጁ የት ይደር ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም መዝገብ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። እናትህን ላበሳጭ ብዬ አንተን አዘዞ አክስትህ ጋ ደበቅሁህ። «ለትንሽ ቀን» ነው ያልኩት፤ ልክ እንዳንተ።

አክስትህ ከዓመታት በኋላ ነው የነገረችኝ። ለካ ማታ ማታ ጫማህን አላወልቅም ትል ነበር። ለምን ስትልህ «አባዬ ሲመጣ ቶሎ እንድንሄድ» አልካት። እኔ በየሳምንቱ መጥቼ ከረሜላ ሰጥቼህ ብቻዬን እመለስ ነበር።

ይቅርታ አልጠየቅሁህም። ኋላ ታረቅን፣ ታናሽ እህትህ ተወለደች፣ ነገሩም ተረሳ። እኔ ግን አልረሳሁትም። ልጅህ ትናንት ራት ላይ «አባባ፣ እሁድ ስንት ሌሊት ቀረው?» ብላ ጣቶቿን ስትዘረጋ እጄ ላይ ያለው ጉርሻ ወደቀ።

ልጅቷን በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ማየት አነሰኝ ካልክ ትክክል ልትሆን ትችላለህ። እሱን በጽሑፍ ጠይቅ። ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደምትፈልግ ለይተህ ጻፍ፤ ማደሩንም፣ የትምህርት ዕረፍቱንም። ትዕዛዙ እንዲሻሻል መጠየቅ መብትህ ነው። እስኪሻሻል ግን እንዳለ ፈጽመው። ቀለቡን በባንክ አስገባ፤ ምክንያቱ ላይ «የወሩ ቀለብ» በል፤ ደረሰኙን አስቀምጥ። በእጅ አትስጥ። ካልከፈልክ ትዕዛዙ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታ ከደመወዝህ ታስቆርጣለች፤ መሥሪያ ቤትህ ሁሉ ያውቃል። መኪናዋን ለመሸጥ ደላላ ማናገርህን ሰምቻለሁ፤ እንዳትሸጥ የፍርድ ቤት እግድ አለባት፣ ተዋት። ማታ ማታ የምትልከውን መልእክትም ተው። ያ ሁሉ ታትሞ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ስንቱን በእጄ አያይዤ አውቃለሁ።

መታረቅ ካማራችሁም በሩ አልተዘጋም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በመረጣችሁት ሽማግሌ እንድትነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል፤ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። እኔን ግን ሽማግሌ አታድርጉኝ። ለአንተ ማዳላቴ አይቀርም።

ለእናቷ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። «እሁድ 11 ሰዓት ቦሌ እንደርሳለን» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «አባባ፣ ማታ ማታ ሹራብ ትለብሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ትለብሳለች አልኳት። ደግሞ ጥምቀት ዕለት ፋሲል ባሕር አፋፍ ላይ ትከሻዬ ላይ ሆና ጠበል ሲረጯት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ኋላ ግን ይጨመርልኝ አለች ብዬ ነገርኳት። ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

አንተም ቦሌ ና። ልጅቷ ሁለታችሁን አንድ ላይ ትይ። ንግግር አትጀምሩ፤ ሰላምታ ይበቃል።

እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች። ለየብቻ ነው የቋጠረችው፤ ሁለት ፌስታል ነው። ትልቁ የእነሱ ነው፣ ያንተ ትንሹ ነው። እንዳታኮርፍ፤ እሷ ናት የለካችው።

አባትህ
ጎንደር