የድሮው የእድር መዝገብ ከመጣሉ በፊት ፎቶ ይነሳ

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ እንዴት ከረማችሁ። ይቺን ደብዳቤ የምጽፈው በተለይ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች እንዲያነቡልኝ ነውና ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

የአባቴ አባት ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ በ1895 ድሬ ደርሶ በ1909 አዲስ አበባ ገባ የሚለውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚኒሊክንም የፈረንሳዮቹንም ስም መጽሐፍ ላይ ታገኛለህ፣ ሃዲዱን ሲጠግን የኖረውን ሰው ግን የትም አታገኘውም። እኛ ቤት የነበረው አንድ የደበዘዘ ፎቶና "መስመር ላይ ነበር የሚውሉት" የምትል ወሬ ብቻ ነው።

ፍለጋውን የጀመርኩት አክስቴ ሳጥን ውስጥ ካገኘሁት በፈረንሳይኛ ከተሞላ የስራ ደብተር ነው። መጀመሪያ የሳቸው አልመሰለኝም ነበር፣ ፈረንሳይኛው "ቀ"ን ከ"ከ" አይለይም፣ ስማቸው ተጣሞ ሌላ ሰው ሆኗል፣ የተቀጠሩበትም 1950 ይላል፣ አባቴ ደግሞ በ42 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መጋቢት 1942 በፈረንጅ 1950 ነው! ሁለት ሳምንት በከንቱ ተከራከርን። ከዛ ቤተክርስቲያን ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ የክርስትና ስማቸውን አምጣ ተባልኩ፣ እሱን የሚያውቅ ሰው የለም። የልደት ወረቀትማ አይታሰብም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና በ1952 ስለ ምዝገባ ቢደነግግም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። የድሮ ፋይል ይኖራል ብለው የላኩኝ አንድ መስሪያ ቤት ደግሞ ወረቀቱ መጋዘን ወለል ላይ ተከምሮ ምስጥ ሲበላው አይቼ ነው የወጣሁት፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ያዳነኝ የእድር መዝገብ ነው። አያቴ አባል የነበሩበት እድር እስካሁን አለ፣ ጸሐፊው ጋሼ የድሮዎቹን መዝገቦች ቁምሳጥን ላይ አስቀምጠዋቸው ስለነበር በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ጊዜ ተረፉ፣ የስንቱ ጎረቤት ወረቀት ግን ከነቤቱ ነው የሄደው። ጋሼ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው ሲገልጡልኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወር መዋጮ፣ ቅጣት፣ ቀብር የተገኘና ያልተገኘ፣ ሁሉም በእጅ ተጽፏል። አያቴ ቀብር ሲቀሩ ሃምሳ ሳንቲም ይቀጣሉ፣ ከዛ ቅጣቱ ይሰረዝና ጎኑ ላይ "መስመር ላይ" ይላል። ይሄ በየገጹ አለ። የሰውየው ኑሮ ቁጭ ብሎ ነው ያለው።

ህዳር 1949 ላይ ስደርስ "ለሕጻን ልጁ ቀብር ተሰጠ" ይላል። አባቴ በ51 ነው የተወለደው፣ ከሱ በፊት የሞተ ልጅ እንዳለ ማንም ነግሮት አያውቅም። አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ ብዙ ዝም አለች፣ ከዛ "ወንድ ነበር፣ ኩፍኝ ነው" አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። በዛው ወር መጨረሻ የሌላ ጎረቤት ቀብር አለ፣ አያቴ ስም ጎን "ተገኝቷል" ተብሎ ተጽፏል። እዛች ገጽ ላይ ቆይቻለሁ።

እናም እባካችሁ የእድር ሰዎች፣ መዝገብ ሲያልቅ አሮጌውን ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡት፣ አታቃጥሉት። ስካነር ምናምን አያስፈልግም፣ ከሰፈሩ ልጆች አንዱን ስልኩን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ገጽ በገጽ ያንሳው፣ ከላይ የእድሩን ስምና ዓመተ ምህረቱን ወረቀት ላይ ጽፎ አብሮ ያንሳ፣ ሌላ ቦታም ይቀመጥ። የሰው ሀዘንና እዳ ስላለበት ቴሌግራም ላይ አይለቀቅ፣ ቤተሰቡ ሲጠይቅ ይታይ። የምድር ባቡር ልጆችም የደሞዝ ወረቀትና ደብተር ካላችሁ አውጡና ታላላቆቻችሁ ፊት ዘርግታችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብሎ "ስለ አያቴ ንገሪኝ" ሲሏት ምንም ያላለችው አክስቴ ደብተሩን ስታይ ነው ማውራት የጀመረችው።

ለትንሳኤ ድሬ እወርዳለሁ፣ የልጁን ስም እጠይቃታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የድሬ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ