ባትሪው ከመቀየሩ በፊት የጂፒኤሱ ሽቦ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድሬዳዋ ውስጥ ባትሪ «ሞተ» ተብሎ ተቀይሮ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ሲደክም፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የባትሪው አይደለም። መኪናው ጂፒኤስ የተገጠመለት ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት የመሣሪያው ሽቦ ከየት ላይ እንደተቀጠለ ነው። የተለመደው አሠራር የሬዲዮውን ሽቦ ልጦ፣ አዲሱን ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) መዝጋት ነው። ለጊዜው ይሠራል። የድሬ ሙቀት ሲበረታ ግን የናስትሮው ሙጫ ይለቅና ጥቅልሉ ይፈታል፤ የተራቆተው ሽቦ ቦዲ ሲነካ ሾርት ያደርጋል። በመሐል ልኩን የጠበቀ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ራሱ ይቀልጣል።

ከሬዲዮ ጀርባ ሁለት የኃይል ሽቦ አለ። አንዱ ቁልፍ ቢነቀልም ኃይል አለው፤ ሌላው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ያገኛል። መንገድ የሚያሳየው ባለ ስክሪን መሣሪያ በ12 ቮልት እስከ 1 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል። ከቋሚው ሽቦ ከታሰረና ሳይጠፋ ከቀረ በ24 ሰዓት 24 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። የትንሽ አውቶሞቢል ባትሪ አቅም ደግሞ ከ35 እስከ 45 ቢሆን ነው፤ ከሁለት ሌሊት በኋላ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። መኪናው የት እንዳለ የሚጠቁመው መከታተያ ግን ሌላ ነው። 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ምንም አይደለም፣ ሦስት ሳምንት ለቆመ መኪና ግን 25 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ስክሪኑ ከቁልፍ በኋላ ከሚመጣው ኃይል፣ መከታተያው ከቋሚው ይታሰር፤ እያንዳንዱም የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ በግምት አይለይም። የኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር 20 ቮልት ዲሲ ላይ ይደረግ፣ ጥቁሩ ዘንግ የቦዲ ብረት ላይ፣ ቀዩ ፊውዙ ጫፍ ላይ ይያዝ። ቁልፉ ጠፍቶ ዜሮ፣ ሲዞር 12 እና ከዚያ በላይ ካነበበ የተፈለገው እሱ ነው። የሲጋራ መለኮሻው ወይም የሬዲዮው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ይሆናል። የኤርባግ፣ የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያው)፣ የሞተር ኮምፒውተርና የነዳጅ ፓምፕ ፊውዞች አይነኩ። ቢጫ ሽፋን ያለው የኤርባግ ሽቦ ደግሞ በቴስተርም ቢሆን አይወጋ።

ከፊውዝ ሳጥን ኃይል ለመውሰድ ፊውዝ ታፕ የሚባለው ትንሽ መሰኪያ አለ፤ ነባሩን ፊውዝና አዲሱን ጎን ለጎን ይይዛል። ለጂፒኤሱ 2 ወይም 3 አምፔር ይበቃል። «2 ቶሎ ይቃጠላል» ብሎ 15 መሰካት ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት መተው ነው፤ 2ቱ ከተቃጠለ ችግሩ ይፈለግ እንጂ ፊውዙ አይተልቅ። ታፑ ተገልብጦ ከገባ የሁለቱም ጭነት በነባሩ ፊውዝ ያልፋል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ነባሩን ከታፑ ላይ ነቅሎ ቁልፉን ማዞር። ጂፒኤሱ ከበራ አቅጣጫው ልክ ነው፣ ከጠፋ ታፑ ይዙር። በሐረር የሚሠሩት የድሮዎቹ ፔጆ 404ዎች ግን ጠፍጣፋ እግር ያለው (ባለ ምላጭ) ፊውዝ ስለሌላቸው ታፕ አይቀበሉም፤ ለእነሱ በሽቦው መሐል የሚገባ የፊውዝ ቤት፣ ከምንጩ እጅግ ቢርቅ አንድ ስንዝር ላይ፣ ይደረግላቸው። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውምና።

ሽቦው 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። መገጣጠሚያው በስታኞ ተበይዶ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ ይልበስ። ማሳው፣ ማለትም ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ የቦዲው ቀለም ተፍቆ ከብረቱ ጋር በብሎን ይጥበቅ፤ ላላ ያለ ማሳ ስክሪኑን እያጠፋ ያበራል፣ ሬዲዮው ላይም ጫጫታ ያመጣል። ከሥራው በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ ሲታሰርም መጨረሻ ላይ ይሁን። በፊት መስታወቱ ጠርዝ ሽቦ የሚያሳልፍ ሰው በዚያ በኩል የጎን ኤርባግ መኖር አለመኖሩን ይይ፤ ካለ ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ እንጂ ፊት ለፊቱ አይለፍ።

ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው ደግሞ በገመዱ ጫፍ ያለው፣ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ሶኬት «ስለማያምር» ተብሎ ሲቆረጥ ነው። ባለ ስክሪኑ ጂፒኤስ የሚሠራው በአብዛኛው በ5 ቮልት ነው፣ 12ቱን ወደ 5 የሚያወርደው ዕቃ ያለው ደግሞ እዚያው ሶኬት ውስጥ ነው። ሶኬቱን ቆርጦ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪ ማያያዝ መሣሪያውን ማቃጠል ነው። 12ቱን ወደ 5 የሚያወርድ፣ ለብቻው የሚሸጥ ኮንቨርተር ይገዛ።

በጂቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ ለሚወርዱት ሲኖትራክና አይሱዙዎች ጉዳዩ ይብሳል፤ እነሱ 24 ቮልት ናቸው፣ ሞተር ሲሠራም ከ28 ያልፋል። ኮንቨርተሩ ላይ «12–24» ብቻ ከተጻፈ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከ9 እስከ 36 የሚቀበለው ይመረጥ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 መውሰድ ቀላል ይመስላል። ዲናሞው ግን ሁለቱን በአንድነት ስለሚሞላ የተበዘበዘው ባትሪ ሳይሞላ፣ ጓደኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይበላሻሉ።

መከታተያው ሞተር ማጥፊያ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ካለው ጠበቅ አድርጌ የምለው አለ። ሪሌው በነዳጅ ፓምፑ መስመር ላይ ከገባ፣ ሲበላሽ ወይም በስህተት ትእዛዝ ሲደርሰው ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይህ ሲሆን መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ሪሌው በሞተሪኖው መስመር ላይ ይግባ፤ ኃይል ሲያገኝ የሚቆርጥ ዓይነት ይሁን እንጂ ኃይል ሲያጣ አይቁረጥ። ሌባው መኪናውን እስኪያጠፋው ድረስ ይነዳ ይሆናል፤ እሱን መታገሥ ይሻላል። ለ24 ቮልት መኪና የ24 ሪሌ እንጂ የ12 አይታሰር።

ለፀሐይ ተብሎ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ብረት ያለበት ፊልምም የሳተላይቱን ምልክት ያደክማል፤ አንቴናው ከፕላስቲክ ሥር ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይቀመጥ። ባለ ስክሪኑ በቆመ መኪና ክሩስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ቢውል የውስጥ ባትሪው ያብጣል፣ ስለዚህ ይነሣ።

መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ገጣሚው ፊታችሁ ይለካው። ሁሉም ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ቴስተሩ በ10 አምፔር ቀዳዳው በኩል በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሐል ይግባ። ንባቡ ከ50 ሚሊ አምፔር ብዙ ከበለጠ የጂፒኤሱ ፊውዝ ተነቅሎ እንደገና ይታይ፤ የወረደው ልዩነት የጂፒኤሱ ድርሻ ነው። ቴስተሩ እንደተያያዘ ሞተር ማስነሳት ግን አይሞከር፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን