«ይሄ ለእኔ ገና ነው»፦ የንባብ ክበባችን ዓመት

የንባብ ክበብ ምን ሥራ አለው፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው የሚሉ አሉ። መምህራን ክፍል ውስጥም ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ዘንድሮ ምን ስንሠራ እንደከረምን ልንገራችሁ።

ሳምንታዊው ስብሰባ እንደ ወትሮው ነው። አነበብን፣ ተከራከርን፣ በፈተና ሰሞን ግማሹ አባል ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ያነታረከን ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጆች የወጣቶችን ልቦለድ ለማንበብ የሚደርሱት መቼ ነው?

እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የታሰቡ ናቸው። በ12 እና በ18 መሀል ግን ስንት ነገር አለ! ጽሑፍ ለማንበብ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ እንደሆነ የሚነግረን የንባብ ደረጃ መለኪያም ብዙ አይረዳም። የአጻጻፍ ባለሙያው ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1948 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ ያወጣው ታዋቂ ቀመር የሚቆጥረው የዓረፍተ ነገሩንና የቃላቱን ርዝመት ነው። በዚህ ስሌት «አባቷ ሞተ» በጣም ቀላል ዓረፍተ ነገር ነው። አባቷን በቅርቡ ላጣች ልጅስ?

ልጆቹ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያዩት። የ11 ዓመት ልጅ ስለ እኩያው ማንበብ አያጓጓውም፤ የ15 ዓመቱ ጎረምሳ ምን እንደሚሠራ ነው ማወቅ የሚፈልገው።

ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሄድን ቀን አንዲት የ6ኛ ክፍል አባላችን በቀጥታ ወደ ወጣቶች መደርደሪያ አመራች። በክበቡ እሷን በፍጥነት የሚያክል አንባቢ የለም። ወፍራም ልቦለድ መዝዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከሩቅ እያየሁ ልከልክል ወይስ ልተው እያልኩ ከራሴ ጋር ሙግት ያዝኩ። ገጽ ትገልጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ታነባለች። ከዚያ ተነሥታ መጽሐፉን ከመዘዘችበት ቦታ መለሰችው። «ከበደሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ ቃላቱ ይገቡኛል። ግን ይሄ ለእኔ ገና ነው። ቦታውን ይዤዋለሁ፣ በኋላ እመጣለሁ» አለችኝ። እኛ መምህራን ስንት ስብሰባ የተቀመጥንበትን ጉዳይ እሷ ቆማ ጨረሰችው።

ሁሉም ልጅ እንዲህ አይደለም። አንድ ወላጅ ልጃቸው ይዞት በመጣው መጽሐፍ ተቆጥተው መጥተዋል፤ መጽሐፉም ለጊዜው ከመደርደሪያ ወርዷል። ቅሬታቸው ይገባኛል። አሁን እኔ ቀድሜ ሳላነብ አላውስም። ልጁ ግማሽ ሲደርስ ጠርቼ አወራዋለሁ። ባለታሪኩ ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ደርሷል እላለሁ። «ደህና ነው» ብሎ ዓይኑን የሚሰብረውን ግን ቀስ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ወላጅ ከልጁ ጋር እኩል ቢያነብ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። እኛ ያለን አንድ አንድ ነው፣ አንዳንዱም ሽፋን የለውም። የስፖርት ክበቡ አዲስ መለያ ሲለብስ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የእኛ ጥያቄ ግን ዘንድሮም «በቀጣዩ በጀት ይታያል» ተብሏል።

ቤታችሁ ተነብቦ የተቀመጠ የወጣቶች ልቦለድ ካለ ላኩልን፤ አሮጌም ቢሆን እንቀበላለን። አምና ተውሳችሁ ያልመለሳችሁ አባላትም አስቡበት፣ ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው።