ፀሐይ በ12 ዓይነት ትጻፋለች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቆሞ «ስምዎ ሲስተሙ ውስጥ የለም» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ስሙ አለ፤ የተመዘገበው ግን በሌላው ሐ ወይም በሌላው ጸ ነው። ለእኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ኮድ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ውስጥ ሲገባ ሐ ከሀ 16 ቦታ፣ ኀ ደግሞ 128 ቦታ ርቀው ተቀመጡ። ፀሐይ የሚለው ስም በሁለቱ ጸዎችና በስድስቱ ቅርጾች (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) 12 ዓይነት ይጻፋል። ለዚህ ሲባል ሰው «ሁለቱም ስም የእኔ ነው» የሚል ማስረጃ ፍለጋ መንከራተቱ ያሳፍራል፤ ጥፋቱ የሲስተሙ ነውና።

መፍትሔው ይኸው፤ በኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው የሚይዝ አንድ ዓምድ ይኑር፤ እሱ አይነካ። አጠገቡ የመፈለጊያ ዓምድ ይከፈትና ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ግዕዙን (የመጀመሪያውን ቅርጽ) ብቻ ቀይረው ይተዉታል፣ ከዚያ ሒሩት ስትፈለግ ሂሩት አትገኝም። አምስቱም ፊደላት እስከ ሳብዕ ሲቀየሩ 35 ምትክ ይሆናሉ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ሲጨምሩ 37። ሓ፣ ኃና ዓም እዚያው ሀና አ ላይ ይረፉ። ጐሹና ጎሹ እንዲገናኙ ጐም ወደ ጎ ይግባ። ጸሐፊዋ ለፍለጋ የምትተይበው ስምም በዚሁ ወንፊት ካላለፈ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ገ/ሥላሴና ገብረ ሥላሴ እንዲገጥሙ መጀመሪያ አሕጽሮቱ ይፈታ፣ ከዚያ ክፍተትና የ«/» ምልክት ይውጡ። ገ/ ገብረ ነው፤ ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ሳይፈታ በፊት የጾታው ዓምድ ይታይ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ መዝገብ ከሥሩ የላቲን ኮድ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ።

ፍለጋው ሁለት ሰው ካወጣ ማሽኑ በራሱ አያዋህዳቸው። የእናት ስምና የትውልድ ቀን አስተያይቶ የሚወስነው ሠራተኛው ይሁን።

አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ