የአባባ ጓደኛ ስም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ አባትሽ፣ ስለ አባባ የኮሪያ ዘመቻ ስናወራ፣ «ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ማን ይሰማዋል?» ብለሽኝ ነበር። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ከረመ። የሚሰማው አለ እማዬ። ልጆቹን አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወስጃቸው ነበር። ትልቋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አባባ እዚያ ጓደኛ ነበረው?» የምመልስላት አጣሁ።

አባባ ወደ ኮሪያ ስለዘመተበት ስለ ቃኘው ሻለቃ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተውጣጥተው፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ መሄዳቸውን። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር መሰለፋቸውን። ከ120 በላይ ሞተውባቸው፣ ከ500 በላይ ቆስለውባቸው፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው መመለሳቸውን። ይሄ ደረቴን ይነፋዋል። ግን ይሄ የአገር ታሪክ ነው፣ የትም ይገኛል። የአባባ የራሱ የሆነውን የያዝሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

እኔ የማስታውሰው ካልሲ ማስወለቁን ነው። ክረምት ላይ ከትምህርት ቤት በስብሰን ስንገባ፣ ገና ከበር ጫማና ካልሲያችንን ያስወልቀን ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ እግራችንን ጣት በጣት በፎጣ ያደርቅልናል። «እግሩን ያልጠበቀ ወታደር ጥይት ሳይነካው ብርድ ይጥለዋል» ይል ነበር። ስለ ኮሪያ በራሱ አንደበት ሲናገር የሰማሁት ይሄን ብቻ ነው። የዚያ አገር ክረምት ከዜሮ በታች ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ሳነብ፣ ያን ያህል የሚጨነቅልን ለምን እንደነበር ገባኝ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ በረዶ አይቶ የማያውቅ፣ ተራራ ላይ ምሽግ ውስጥ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር አስቢው።

ስለ ውጊያው ደግሞ አንድ ጊዜ አንቺ የነገርሽኝ አለ። ሌሊት ለቅኝት ወጥተው ጓደኛው እንደተመታ። ጥለውት መመለስ አይታሰብምና ተፈራርቀው ተሸክመው እንዳወረዱት። ቦታቸው ሲደርሱ ግን ነፍሱ ወጥታ እንደነበር። ልጅ ሳለሽ አባባ ቅድስት ሥላሴ ይዞሽ ሲሄድ ለዚያ ጓደኛው መሆኑን ያወቅሽው ካደግሽ በኋላ ነው አልሽኝ። ከዚያ ወሬ ቀየርሽ፣ እኔም ዝም አልኩ።

አባባ ዝም ያለው ጦርነቱ ከብዶት ነው ይላሉ ዘመዶቻችን። እኔ ግን ይሄ ብቻ አይመስለኝም። ደርግ መጣ፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ኮሚኒስት ተዋግቻለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚያወራ ማን ነበር? ኒሻኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ሥር የከተተው ያኔ ነው ብለሽኛል። ለልጆቹ እንኳን ማውራት በሚያስፈራበት ዘመን ስንት ዓመት ኖረ። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ እሱ አርጅቶ ነበር። ይሄ ያንገበግበኛል እማዬ። የተዘመተበትም፣ የተሞተበትም ነገር በገዛ ቤቱ ነውር ሆኖበት ኖረ።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። በስልኬ እቀዳሻለሁ፣ አትጨነቂ፣ በቅደም ተከተል መናገር የለብሽም። ሲደክምሽ እናቆማለን። ማልቀስ ከመጣም እናለቅሳለን፣ ምን አለበት? እስከዚያ ያንን እነ አባባ በወታደር ልብስ የተነሱትን ፎቶ ከሣጥኑ አውጥተሽ ጠብቂኝ። ጓደኛው የትኛው እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ። ስሙን ከነአባቱ ስም ንገሪኝ፤ አንቺ ካልነገርሽን ከቤታችን ማንም አያውቀውም። አገሩስ የት ነበር? አባባ ሲመለስ እናቱ ዘንድ ሄዶ ነበር?

የምትወጂው ልጅሽ