የሥዕል ክበብ ዘገባ፦ ተልባ፣ አቡጀዲና የጉሊት እናቶች

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። በወላጆች በዓል ላይ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ያሉኝ ነበሩ። ሌላ የለም። ቀስ ብሎ በሚደርቀው በዘይት ቀለም ስለሠራን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ሥራዎች በፕሮጀክተር ስናይ ነው። ሠዓሊው በ1953 እ.ኤ.አ. ወልድያ ተወለዱ። አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲገቡ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምረዋቸዋል። በኋላ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰውም በዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥራዎቻቸው የሚሥሉት የጉሊት ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ሸራውን ሞልተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከእግራቸው ሥር መሬት የለም። ከኋላቸው መንገድም ቤትም የለም፤ ጭጋግ የመሰለ ቀለም ብቻ ነው። የሚሸጡት ነገር በጥቂት የብሩሽ ምት ተጠቁሞ ታልፏል። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አቋቋሟ እናቴን ይመስላል» አለች። እናቷ ጉሊት ይቸረችራሉ። የዓመቱ ሥራችን ያን ቀን ተወሰነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ጉሊት የሚቸረችሩትን እናቶች አስፈቅደን በእርሳስ ነደፍን። አንደኛዋ ንድፉን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ ድንቼን የት አደረሳችሁት?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ፤ ግን ያ ጥያቄ ብዙ አወያየን። ድንቹ ከገባ ዓይን ወደ ድንቹ ይሄዳል። እኛ የፈለግነው ሴትዮዋን ነበር።

ሸራ ውድ ስለሆነ አቡጀዲ ወጠርን። ዘይት ጨርቅ ላይ በቀጥታ ካረፈ ከጊዜ በኋላ ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኮላ፣ ከዚያ ነጭ ቀለም ቀባነው።

የዘይት ቀለም ዘይቱ ከምን እንደሚወጣ ስነግራቸው ያላመኑኝ ነበሩ። ከተልባ ነው። ቤታችን ከምናውቀው ተልባ! የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው። ይህን ለማየት መስታወት ላይ የተልባ ዘይት፣ የወይራ ዘይትና የረጋውን የምግብ ዘይት ስስ አድርገን ቀባን። በሁለተኛው ሳምንት ተልባው ጠንክሮ ጣት ላይ መያዝ አቆመ። ሁለቱ ዛሬም ጣት ያቀባሉ። እኔ ለዓመታት ያስተማርኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ገና ዘንድሮ ነው።

ጥር ላይ አንድ ስህተት ሠራን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የዘይት ቀለም ሕግ ታችኛው ቀለም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ቀጥኖ እንዲገባ፣ ዘይት የበዛበት ደግሞ ከላይ እንዲሆን ያዛል። ልጆቹ ግን የቀሚሱን ጥላ በወፍራም ጥቁር ሞሉት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። ጥቁር ከሁሉም ቀለም ቀስ ብሎ ከሚደርቁት ነው። ላዩ ላይ ያረፈው ቡናማ ቶሎ ደረቀ። ታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ላይኛው ተሰነጠቀ። ሁለት ወር የተደከመበትን ቀሚስ በስፓቱላ ፋቅነው። ሁለት ልጆች አለቀሱ። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድመው የመጡት እነሱ ነበሩ።

አንድ ነገር ለሁሉም መምህራን ላሳስብ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። እኛ ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምንነክረው። ቆርቆሮውን እባካችሁ አታንሱብን።

ሥዕሉ አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። የነጠላው ነጭ ገና ጣት ይይዛል። ክረምቱን እዚያው ይከርማል። መስከረም ላይ ስንሰቅለው የበሩን እናቶች እንጠራቸዋለን፤ ድንቻቸውን የጠየቁትን እናት በተለይ።